ግብዣውንና ገበያውን እንለይ፦ ስለ ሃሎዊን ሰሞን የቤት ውስጥ የእጅ ሥራ ሽያጭ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሴፕቴምበር ሲገባ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የምንኖር ወገኖች በምንገናኝባቸው የቴሌግራምና የቫይበር ቡድኖች ውስጥ «ቅዳሜ ቤቴ ብቅ በሉ፣ የእጅ ሥራዬን አሳያችኋለሁ» የሚሉ መልእክቶች መታየት ይጀምራሉ። ኪሮሽ የምትሠራዋም፣ ሻማ የምታዘጋጀዋም፣ ከሸማ ቁርጥራጭ ጌጥ የምትሰፋዋም የሃሎዊንን ሰሞን ገበያ ታስባለች። ማሰቧም ተገቢ ነው፤ ኦክቶበር አሜሪካውያን ለደጃፋቸውና ለሳሎናቸው ጌጥ ገንዘብ ሳይሰስቱ የሚያወጡበት ወር ነው። በእጅ ሥራ ሽያጭ የተሰማራን ሰዎች ይህን ደብዳቤ በአንድነት የምንጽፈው፣ ጥሩ እጅ ያላቸው እኅቶች በማይገባ ምክንያት ሲከስሩ ማየት ስለሚያሳዝነን ነው።

ምክንያቱ ሥራቸው ማነሱ አይደለም፤ ሽያጩ እንደ ግብዣ መደገሱ ነው። ዶሮ ይሠራል፣ እንጀራ ይገዛል፣ ቡና ይፈላል። እንግዳው የተጠራው ለመብል ይሁን ለግዢ በደንብ አያውቅም። በልቶ ጠጥቶ ሲጨርስ በይሉኝታ አንዲት የአምስት ዶላር ዕቃ አንሥቶ «ስንት ነው?» ይላል፤ ባለቤቷም አፍራ «ኧረ ግድ የለም፣ የፈለግኸውን ስጥ» ትላለች። ለምግቡ 200 ዶላር ወጥቶ 120 ዶላር ከተሸጠ፣ የሳምንታት የእጅ ሥራ ለእንግዳ ማስተናገጃ ዋለ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንግዳውም መምጣት ይከብደዋል፣ እሷም መጥራት።

መፍትሔው እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ከ70 ዓመት በላይ የተፈተነ ነው። ታፐርዌር በ1951 ዕቃዎቹን ከሱቅ መደርደሪያ አንሥቶ በቤት ውስጥ ስብሰባ ብቻ መሸጥ ሲጀምር፣ ሥራውን በመራችው በብራውኒ ዋይዝ አሠራር ሁለት ሰዎች የተለያየ ድርሻ ነበራቸው። አንዷ ቤቷን ከፍታ ወዳጆቿን ትጠራለች፤ ሌላዋ ዕቃውን ታሳያለች፣ ዋጋ ትናገራለች፣ ገንዘብ ትቀበላለች። ጠሪዋ የምታገኘው የምስጋና ስጦታ ነው። ይህ ለእኛ ባህል ልክ ነው። እንግዳ የቤቱን ባለቤት ላለማስቀየም ይጨነቃል፤ የምትሸጠው ሌላ ሰው ስትሆን ግን «ይሄ አልመቸኝም፣ ያኛውን አሳዪኝ» ለማለት አያፍርም። ሻጯም ዋጋ መጥራት አያስቸግራትም።

ስለዚህ ሽያጩ ከተቻለ በሠሪዋ ቤት ሳይሆን በወዳጇ ወይም በጎረቤቷ ቤት ይሁን። ቤቷን ለከፈተችው ባለቤት ከጠቅላላው ሽያጭ 15 በመቶ ያህል በዕቃ ይሰጣት፤ ይህም ከቀኑ በፊት በግልጽ ይነገራት። ሌላ ቤት ካልተገኘና በራስ ቤት መሸጥ ግድ ከሆነ፣ እኅት ወይም ጓደኛ ገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ፤ ሠሪዋ ስለ ዕቃው አሠራር ብቻ ታስረዳ። ጥሪው ላይ «ይህ የእጅ ሥራ ሽያጭ ነው፤ ዋጋው ከ6 እስከ 45 ዶላር ነው፤ የመግዛት ግዴታ የለም» ተብሎ ይጻፍ። ይህን መጻፍ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ሳይነገረው መጥቶ ገበያ ላይ የሚወድቅ እንግዳ ግን ይበልጥ ይቀየማል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ሽያጩን ሃሎዊን በሚከበርበት በኦክቶበር 31 ሰሞን ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። የሚያስጌጥ ሰው ያን ጊዜ አስጊጦ ጨርሷል፤ ትልልቅ ሱቆችም ዋጋ መቀነስ ጀምረዋል። ከዚህም ሌላ ኦክቶበር 31 በአብዛኛው ዓመት በእኛ ጥቅምት 21፣ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ስለሆነ፣ ብዙ ምእመናን በዚያ ቀን ለሃሎዊን ጥሪ ፊታቸውን አይሰጡም። ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ያለው የኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ በአብዛኛው ዓመት ከኮሎምበስ ቀን የሰኞ በዓል ጋር ስለሚገናኝ ብዙ ቤተሰብ ከከተማ ይወጣል። ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ከ2 እስከ 5 ቢሆን ይበቃል። በጥሪው ላይ «2:00 ፒኤም» ተብሎ ይጻፍ፤ «8 ሰዓት» ከተባለ ወጣቶቹና ጎረቤቶች በአሜሪካው ሰዓት ቆጥረው ማታ ይመጣሉ። የእኛ ሰው ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት ላይ ስለሚጎርፍ፣ አራት ተኩል ላይ ዕቃ መሰብሰብ መጀመር ከቀኑ ገቢ ላይ መቀነስ ነው። ጥሪው ከሦስት ሳምንት በፊት ይላክ፤ ማስታወሻ ከሁለት ቀን በፊትና በዕለቱ ጠዋት ይደገም። ከተጠሩት ግማሽ ያህሉ ቢመጡ መልካም ነው፤ 15 ገዢ ለማግኘት 30 ሰው መጥራት ያስፈልጋል። አድራሻውን በትልቅ ቡድን ውስጥ ለሁሉም መለጠፍ አደጋ አለው፤ «እመጣለሁ» ላለ ሰው ብቻ ለየብቻው ይላክ።

አሁን ስለ ዕቃው። በቤተ ክርስቲያናችንም ሆነ በወንጌላውያን ጉባኤዎች ሃሎዊንን በክፉ የሚያዩ ብዙዎች ናቸው፤ ቅሬታቸውንም እናከብራለን። ለንግዱም ቢሆን የራስ ቅል፣ የአጽምና የጠንቋይ ምስል ትርፍ የለውም። እንዲህ ያለው ዕቃ ኖቬምበር 1 ጠዋት ዋጋ ያጣል። ዱባ፣ የበልግ ቅጠል፣ ቀረፋ ቀረፋ የሚል ሻማና በብርቱካንማ ቀለም የተሠራ ኪሮሽ ግን እስከ ታንክስጊቪንግ፣ ማለትም እስከ ኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ድረስ ይሸጣል። እኛ የምንመክረው ከዕቃው ሦስት አራተኛው የመኸር ወቅት ጌጥ፣ ቀሪው ለሃሎዊን ሌሊት ብቻ የሚሆን እንዲሆን ነው። ከሃሎዊን ዕቃዎች ውስጥ ልጆች ከረሜላ የሚለቅሙበት ቦርሳ በደንብ ይፈለጋል። የታወቁ የካርቱን ገጸ ባሕርያትን በሻማም በቦርሳም ላይ አድርጎ መሸጥ የባለመብቱን ፈቃድ ስለሚጠይቅ አይነካ።

ከሸማ የሚሰፋው የጌጥ ዱባ ከሁሉ የተሻለ ዕቃችን ነው ብለን እናምናለን። አሜሪካውያን ነጭ ዱባ ለጌጥ ይወዳሉ፤ የእኛ ነጠላ ደግሞ ነጭ ሆኖ ጥለት አለው፤ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ዕቃ ይሆናል። ጨርቁ 18 ኢንች ርዝመትና 9 ኢንች ቁመት ኖሮት ይቆረጥ፤ ሲያልቅ ከአምስት ኢንች ተኩል የማይበልጥ ስፋት ያለው ዱባ ይወጣዋል። ነጠላ ሽመናው የላላ ስለሆነ ብቻውን ከተሰፋ ሲሸበሸብ ይለጠጣል፣ የውስጡም ጥጥ በየቀዳዳው ይወጣል፤ ስለዚህ ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ገበር ይደረግለት። ካውያው መጠነኛ ይሁን፤ የሚያብለጨልጨው የጥለት ክር በኃይለኛ ሙቀት ይኮማተራል። ጥለቱ የ9 ኢንቹ ቁመት መሐል ላይ መዋል አለበት። ዳር ላይ ከዋለ ሲሸበሸብ ከላይ ወይም ከታች ተጠቅልሎ ይጠፋል፤ ገዢው የሚከፍልበት ውበት አብሮ ይጠፋል። መስቀል ያለበት ጥለት ለዚህ ሥራ እንዳይውል አጥብቀን እንለምናለን።

ሁለቱ አጭር ጠርዞች ከውስጥ በኩል በግማሽ ኢንች ትርፍ ይሰፉና ጨርቁ እንደ ቱቦ ይሆናል። የታችኛው ዳር በወፍራም ክር፣ ድርብ ተደርጎ፣ በረጅም ስፌት ይዞርና ይሳባል። ተራ የልብስ ክር እዚህ ላይ ይበጠሳል፤ የሶፋ መስፊያ ናይለን ክር አይበጠስም። ከተገለበጠ በኋላ ከታች ግማሽ ኩባያ የፕላስቲክ ፍሬ በትንሽ ከረጢት ተቋጥሮ ይግባ፤ ዱባው ቆሞ እንዲቀመጥ ክብደት ያስፈልገዋል። ሩዝ ወይም ምስር ማድረግ ይቀላል፣ ግን በዓመቱ ነቀዝ ያወጣል። ከላዩ 3 አውንስ ገደማ ሰው ሠራሽ ጥጥ ይሞላል። ሙሌቱ ከላላ ዱባው ይንኮታኮታል፤ ከጠበቀ ደግሞ የዱባው ሸንተረር አይወጣም። በእጅ ሲጫኑት ትንሽ ጎድጎድ ብሎ መመለስ አለበት። ከዚያ የላይኛው ዳር ይሸበሸባል፤ በ6 ኢንች ረጅም መርፌ ወፍራም ክር ከላይ በመሐል ወደ ታች ይወርዳል፣ በውጭ በኩል ዞሮ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ይሳባል፤ ይህ ስምንት ጊዜ ሲደገም ስምንት ሸንተረር ይወጣል። ግንዱ የቀረፋ እንጨት ወይም የደረቀ ቅርንጫፍ ነው። ግንዱን ጨርቁ ላይ ብቻ በግሉ ገን (በትኩስ ሙጫ) ማጣበቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ገዢው ዱባውን በግንዱ ሲያነሣው ይነቀላል። እንጨቱ አንድ ኢንች ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያው ተጣብቆ፣ ከታቹ በክር ቢታሰር ይጸናል። ዕቃው «ለጌጥ እንጂ ለልጅ መጫወቻ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይኑረው። ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ በፌዴራል ሕግ የደኅንነት ምርመራ ይጠየቅበታል፤ እንደ ፔንሲልቬንያ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ጥጥ የተሞላ መጫወቻ ለሚሠራ ሰው የተለየ ምዝገባ አላቸው።

በኪሮሽ የሚሠራው ትንሽ ዱባ ርካሽ ስለሆነ ቶሎ ይሄዳል። ከብርቱካንማው ሌላ በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ባለው ቀለም ጥቂት ይሠራ። ይህ ቀለም ያለው ዱባ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ፣ በዚያ ቤት አለርጂ ላለባቸው ልጆች ከረሜላ ያልሆነ ስጦታ እንዳለ ያሳውቃል፤ ፌር የተባለው የምግብ አለርጂ ድርጅት ከ2014 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ያስፋፋው ልማድ ነው። የከረሜላ ቦርሳው ደግሞ አፉ ሰፊ፣ 10 በ12 ኢንች፣ ከጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ቢሆን ይመረጣል። ልጆች በጨለማ መንገድ ስለሚሻገሩ በሁለቱም ጎን ብርሃን የሚመልስ ጥብጣብ ይሰፋበት፤ ወላጅ ያንን አይቶ ነው የሚገዛው።

ሻማ የሚሠሩ እኅቶች ጊዜ ላይ ይሳሳታሉ። የሶያ ሰም ከተፈሰሰ በኋላ መዓዛው ከሰሙ ጋር እንዲዋሐድ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት፤ ለኦክቶበር መጀመሪያ ሽያጭ በሴፕቴምበር አጋማሽ ተፈስሶ ማለቅ ይኖርበታል። 10 ፓውንድ ሰም 8 አውንስ የሚይዝ ብርጭቆ 24 ያህል ይሞላል፤ ብርጭቆው የሚሞላው እስከ ጫፉ ስላልሆነ በእያንዳንዱ የሚገባው ስድስት አውንስ ተኩል ገደማ ነው። ሰሙ እስከ 185 ፋራናይት ይሞቃል፤ በ1 ፓውንድ ሰም 1 አውንስ የመዓዛ ዘይት ይጨመርና ለሁለት ደቂቃ በዝግታ ይማሰላል፤ ወደ 135 ሲወርድ ይፈስሳል። «ይበልጥ ይሽተት» ብሎ ዘይት ማብዛት ሻማውን ያበላሻል፤ ሰሙ ያልያዘው ዘይት ላዩ ላይ ያልባል፣ ሲበራም በአንዴ ሊቀጣጠል ይችላል። የሶያ ሰም በራሱ ጊዜ ነጭ አመዳይ የመሰለ ነገር ያወጣል። ጉዳት የለውም፣ ግን በብርቱካንማ ሻማ ላይ ያስጠላል። ስለዚህ ሰሙ ነጩን እንደሆነ ይተው፤ የወቅቱ ቀለም በብርጭቆው ወይም በወረቀቱ ላይ ይምጣ።

ከእኛ ቤት የሚመጡ ሦስት አደጋዎች አሉ፤ በጥብቅ እናሳስባለን። የዕጣን ፍሬ ሰም ውስጥ መጨመር የሻማውን ክር ይደፍናል ወይም ራሱ ይቀጣጠላል። የቡና ፍሬ ላዩ ላይ መደርደር ፎቶ ላይ ያምራል፣ ሰሙ ሲቀልጥ ግን ፍሬው ወደ ነበልባሉ ይንሳፈፋል። በሲኒ ወይም ባልተለበጠ ሸክላ ውስጥ ሻማ ማፍሰስም አይገባም፤ ሲኒው ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ሸክላው ደግሞ ሰሙን ይመጥጣል። ለሻማ ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ብርጭቆ ይገዛ። ከእያንዳንዱ የክር ዓይነት አንድ ሻማ ለሙከራ ይብራ። ሦስት ኢንች ስፋት ያለው ብርጭቆ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሰሙ ዳር እስከ ዳር መቅለጥ አለበት። መሐሉ ብቻ ጉድጓድ ከሆነ ክሩ ቀጥኗል፤ ነበልባሉ ከረዘመና ጥላሸት ካወጣ ወፍሯል። ከታቹ «እያያችሁት ይብራ፤ ከሚቀጣጠል ነገር ይራቅ፤ ከልጆች ይራቅ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይለጠፍ።

ዋጋ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይከስራል። ለሸማው ዱባ ዕቃው 3 ዶላር ከ25 ሳንቲም ቢፈጅ፣ ሥራው 40 ደቂቃ ቢወስድና ሰዓቱ በሜሪላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ በ15 ዶላር ቢታሰብ፣ ጉልበቱ 10 ዶላር ነው፤ ድምሩ 13.25። ከሽያጩ 15 በመቶ ለባለቤቲቱ፣ 3 በመቶ ገደማ ለካርድ ክፍያ ይሄዳል። እዚህ ላይ 18 በመቶ ደምሮ 15.64 ማለት ስሕተት ነው፤ ከ15.64 ላይ 18 በመቶ ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው 12.82 ነው፣ ወጪውን አይመልስም። ትክክለኛው 13.25ን ለ0.82 ማካፈል ነው፤ 16.16 ይመጣል። 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ሲጨመርበት 17.13 ይሆናልና 18 ዶላር ተብሎ ይለጠፍ። ግብሩ በዋጋው ውስጥ ሲካተት የሳንቲም መልስ አያስፈልግም። 18 ዶላር በዛ የሚል ሠሪ የሥራ ሰዓቱን ይቀንስ እንጂ ጉልበቱን በነፃ አይስጥ፤ አንድ በአንድ ከመስፋት አስሩን በአንድ ጊዜ ቆርጦ፣ አስሩን በአንድ ጊዜ መሸብሸብ ጊዜውን በጣም ያሳጥራል። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋ ይጻፍበት፤ ድርድር አይኑር። ለመቀነስ ከተፈለገ «ሦስት ትንንሽ ዱባ በ20 ዶላር» የመሰለ ለሁሉም እኩል የሆነ ዋጋ ይለጠፍ። ለአንዷ ወዳጅ በጆሮዋ የተቀነሰው ዋጋ በማግስቱ ለሁሉም ይደርሳል፤ ሙሉውን የከፈለችው ትቀየማለች። ዱቤም እንዲሁ ወዳጅነት ያበላሻል።

ለ15 ገዢ ከ60 እስከ 80 ዕቃ ይበቃል፤ ግማሹ ከ12 ዶላር በታች፣ ብዙው ቀሪ ከ15 እስከ 25፣ ጥቂት ደግሞ 40 ዶላር ገደማ። ለመልስ 100 ዶላር በዝርዝር ይያዝ፤ 30 ባለ አንድ፣ 8 ባለ አምስት፣ 3 ባለ አሥር። በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ) ለሚከፍል ሰው ገንዘቡ መግባቱ በራስ ስልክ ላይ ይታይ፤ የገዢው የስልክ ምስል ማረጋገጫ አይሆንም። ያለቀ ዕቃ ለማዘዝ የሚፈልግ ግማሹን ቀብድ ይክፈል፤ ቀለሙ፣ መጠኑና የሚረከብበት ቀን በደረሰኝ ላይ ይጻፍ። ለሃሎዊን የሚደርስ ትእዛዝ ከኦክቶበር 15 በኋላ ባይቀበሉ ይሻላል።

ቤቱን ማጨለም፣ ብርቱካንማ አምፖል መስቀልና ጭስ መንፋት የሃሎዊን ስሜት ያመጣል፤ ሽያጩን ግን ይጎዳል። በብርቱካንማ ብርሃን ነጩ ጨርቅ ቢጫ ይመስላል፤ ገዢዋ ቤቷ ስትደርስ ሌላ ቀለም ታያለች። ጭስ የሚነፋው መሣሪያ የእሳት ማስጠንቀቂያውን ሊያስጮኸው ይችላል። የሸረሪት ድር ተብሎ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ክር በኪሮሹ ይጠላለፋል፣ በእሳትም ቶሎ ይያያዛል፤ ከሻማ ጋር በአንድ ክፍል አይዋል። ለጌጥ የሚበሩት በባትሪ የሚሠሩ ሻማዎች ይሁኑ። ማስጌጡ በደጃፍና በመግቢያው ላይ ይብቃ፤ እዚያም ቢሆን የተፈለፈለ ዱባ በሳምንት ውስጥ ስለሚበሰብስና ዝንብ ስለሚጠራ፣ ሙሉውን ዱባ ቀለም መቀባት ይሻላል። ዕቃው ያለበት ጠረጴዛ በቂ ነጭ ብርሃን ይኑረው፤ ጥቁር ጨርቅ ይንጠፍበት፤ ከጨርቁ ሥር የካርቶን ሣጥን ገብቶ ዕቃው በሁለት በሦስት ደረጃ ይቀመጥ። ሁሉም ዝቅ ብሎ ከተዘረጋ ሰው ጎንበስ ብሎ አያይም። ርካሹ ዕቃ መግቢያው አጠገብ ሳይሆን ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ይቀመጥ። መኝታ ቤቶች ይቆለፉ።

ቡናን መከልከል አንችልም፤ ግን ዕጣን በሚጨስበት ክፍል መዓዛ ያለው ሻማ አይሸጥም፣ ማንም ሽታውን አይለየውም። ሻማው ሳሎን ከሆነ ቡናው ወጥ ቤት ይፈላ፤ ዕጣኑም ሽያጩ ካለቀ በኋላ ይጨስ። ኦክቶበር በአብዛኛው የጽጌ ጾም ውስጥ የሚወድቅ ወር ነው። ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም የሚጾሙ ብዙዎች ናቸውና የሚቀርበው ሁሉ የጾም ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻና ትኩስ አፕል ሳይደር ለእኛም ለጎረቤትም የሚስማሙ ናቸው፤ ለአንድ ሰው ከ3 ዶላር በላይ አይፈጁም። ወጥ አይቅረብ። በርበሬና ዘይት የነካ ጣት ነጭ ሸማ ሲያነሣ ዕቃው ያን ጊዜውኑ ከገበያ ወጣ። የዱባ ወጥ ቀርቦ ጎረቤቶች ቢቀምሱት ደስ የሚል ከሆነ፣ ሽያጩ ካለቀ በኋላ በወጥ ቤት ይሁን፤ ለእሱም የጌጡን ትልቁን ዱባ አለመጠቀም ነው፤ ውኃማና ጭረታም ነው። ትንሹ ለፓይ የሚሸጠው ዱባ ወይም በተርነት የሚባለው ይሻላል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሽያጭ ግብሩ 6 በመቶ ነው፤ በሜሪላንድ የኮምፕትሮለር (የግዛቱ ግብር ሰብሳቢ) መሥሪያ ቤት ለአጭር ጊዜ ሽያጭ የሚሆን ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል፤ ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው። በዓመቱ ከእጅ ሥራው የሚገኘው የተጣራ ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) ራስን በመቅጠር የሚከፈለው ግብር ይመጣል፤ የሰም፣ የጨርቅና የክር ደረሰኞች የሚቀመጡት ለዚህ ነው። የሥራ ፈቃዳቸውን የሚጠብቁ ወገኖች ደግሞ ራስን ቀጥሮ መሸጥም እንደ ሥራ ሊቆጠር እንደሚችል ዐውቀው አስቀድመው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ። አፓርታማ ውስጥ የሚኖር የኪራይ ውሉን ያንብብ። የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ በንግድ ምክንያት የሚደርስ ጉዳትን ስለማይሸፍን ለወኪሉ ስልክ መደወል ይገባል፤ በተለይ ሻማ ለሚሸጥ።

ጋዜጣችሁን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ከሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ የቤት ውስጥ የእጅ ሥራ ሽያጮች የሚዘረዘሩበት አነስተኛ ቦታ ይሰጠን፤ ማስታወቂያው አካባቢውን፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት፣ የዕቃውን ዓይነትና የዋጋውን መነሻና መድረሻ ይያዝ። ይህ ሲሆን ሦስት ሠሪዎች ሳያውቁ በአንድ ቅዳሜ እነዚያኑ እንግዶች አይሻሙም፤ ተነጋግረውም በአንድ ቤት አብረው መሸጥ ይችላሉ። አብረው ሲሸጡ አንዷ ሻማ፣ አንዷ ኪሮሽ፣ አንዷ ስፌት ብትይዝ ይሻላል፤ ሦስቱም ዱባ ካመጡ ዋጋ መቀናነስ ይመጣል።

የተረፈው ዕቃ በዚያው ምሽት ተቆጥሮ ይመዝገብ፤ የትኛው ቀለም እንደሄደና የትኛው እንደቀረ ለሚቀጥለው ዓመት የጨርቅ ግዢ መነሻ ይሆናል። የሸማው ዱባና ሻማው በማግስቱ በርካሽ አይሸጡ፤ እስከ ታንክስጊቪንግ በዚያው ዋጋ ገዢ ያገኛሉ። ሻማው ከፀሐይ ርቆ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ይቀመጥ። የሃሎዊን ሌሊት ብቻ የሆነው ጥቂቱ ዕቃ ከኦክቶበር 25 በፊት በግማሽ ዋጋ ይውጣ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በእጅ ሥራ ሽያጭ የተሰማራን አንባቢዎቻችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ